ኢንተርናል ካፕሱል፦ የጉዳት ቦታ ከጉዳት መጠን የሚበልጥበት ስፍራ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ሁለት ሰዎች በስትሮክ ታመው ሐኪም ዘንድ ቀረቡ እንበል። የመጀመሪያው ሰውዬ የኤምአርአይ ምስል በአንጎሉ የቀኝ ግንባር በኩል 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉዳት ያሳያል። ሰውዬው ግን በእግሩ ይሄዳል፣ በሁለቱም እጁ ይሠራል፣ ይናገራል። ቤተሰቡ ጠባዩ እንደተለወጠ፣ ነገር አቅዶ መፈጸም እንደከበደው ያስተውል ይሆናል፤ እንግዳ ሰው ግን አይቶት ታሟል አይልም። የሁለተኛዋ ሴት ምስል ላይ የሚታየው 1 ሴንቲ ሜትር የማትሞላ ነጥብ ናት። እሷ ግን ቀኝ እጇን ማንሳትም ሆነ ቀኝ እግሯን ማንቀሳቀስ አትችልም፤ የፊቷም የቀኝ ግማሽ ዘንበል ብሏል። አእምሮዋ ሙሉ ነው። የሚባለውን ትረዳለች፣ የምትፈልገውን ታውቃለች፣ እጇን ለማንሳትም ትሞክራለች። እጁ ግን አይታዘዝም።

የዛሬው ንግግሬ ያቺ ነጥብ ስላረፈችበት ስፍራ ነው። ኢንተርናል ካፕሱል ይባላል። ስትሮክ ሲነሳ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ጉዳቱ ምን ያህል ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን «የት ነው?» የሚለው ጥያቄ መቅደም አለበት እላለሁ፤ ይህንንም ከኢንተርናል ካፕሱል አብልጦ የሚያስረዳ የአንጎል ክፍል አላውቅም።

አንጎል ተቆርጦ ሲታይ ቀለሙ ሁለት ዓይነት ነው። ላይኛው ቅርፊት፣ ኮርቴክስ የምንለው፣ ግራጫ ሲሆን ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የነርቭ ሕዋሳቱ አካል ያለው በዚህ ቅርፊትና በአንጎል ጥልቀት ውስጥ ባሉ ጥቂት ግራጫ ክምችቶች ነው። በመካከል ያለው ሰፊ ክፍል ነጭ ነው። ነጭ ያደረገው ማይሊን የሚባል በስብ የበለጸገ ሽፋን ነው። ማይሊን ከሕዋሳቱ የሚወጡትን ረጃጅም ክሮች ጠቅልሎ የኤሌክትሪክ መልእክት በፍጥነት እንዲያልፍባቸው ያደርጋል። ከኮርቴክስ ወደ ህብለ ሰረሰር የእንቅስቃሴ ትእዛዝ ከሚያደርሱት ክሮች መካከል ፈጣኖቹ በሰከንድ 60 ሜትር ገደማ ያስኬዱታል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቪየና ያስተምር የነበረው ቴዎዶር ማይነርት ነጩን ክፍል ክሮቹ ከየት ተነሥተው የት እንደሚደርሱ እያየ በሦስት ከፈለው። ክፍፍሉ ዛሬም ይሠራበታል። አንደኛው ዓይነት በአንዱ ንፍቀ አንጎል ውስጥ ያሉ ቦታዎችን እርስ በርስ ያገናኛል። ሁለተኛው ግራውን ንፍቅ ከቀኙ ጋር ያገናኛል። ሦስተኛው ኮርቴክሱን ከበታቹ ካሉት፣ ማለትም ከታላመስ (በአንጎል ጥልቀት ውስጥ ካለው፣ መልእክት ወደ ኮርቴክስ ከሚያቀብለው ግራጫ ክምችት)፣ ከአንጎል ግንድና ከህብለ ሰረሰር ጋር ያገናኛል። ኢንተርናል ካፕሱል የዚህ የሦስተኛው ዓይነት ዋና መተላለፊያ ነው።

እስቲ አንድ እጃችሁን አንሡና ጣቶቻችሁን በሰፊው ዘርጉ። ጣቶቹ ከኮርቴክሱ ከየአቅጣጫው የሚወርዱት ክሮች ናቸው እንበል፤ በአንጎል ውስጥ ይህ የተዘረጋው ክፍል ኮሮና ራዲያታ ይባላል። ከጣቶቹ ወደ አንጓችሁ ስትወርዱ ሁሉም አንድ ቦታ ይጠባል። ኢንተርናል ካፕሱል ያ አንጓ ነው። በኮርቴክሱ ላይ ከእግር እስከ ምላስ ያለውን እንቅስቃሴ የሚያዝዘው መሬት ሰፊ ነው፤ በመሃል ከሁለቱ ንፍቆች መለያያ ስንጥቅ ተነሥቶ በጎን እስከ ጆሮ አቅጣጫ ይወርዳል። እዚያ ላይ አንዲት ነጥብ ብትጎዳ የእጅ ጣቶች ብቻ ሊደክሙ ይችላሉ። ይኸው ሁሉ መሬት የሚልካቸው ክሮች ካፕሱሉ ውስጥ ሲደርሱ ግን በሚሊ ሜትር በሚለካ ስፍራ ይታጨቃሉ። የሴቲቱ ነጥብ ያን ያህል የጎዳችው ለዚህ ነው።

ይህን ለማወቅ ረጅም ዘመን ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1665 ዴንማርካዊው ኒኮላስ ስቴኖ ፓሪስ ውስጥ ለተሰበሰቡ ምሁራን ባደረገው ንግግር፣ ስለ አንጎል የሚባለው አብዛኛው ነገር ግምት መሆኑን በግልጽ ተናግሮ ነበር። የሚሻለው መንገድ በነጩ ክፍል ውስጥ ያሉትን ክሮች ከመነሻቸው እስከ መድረሻቸው መከተል እንደሆነም አመለከተ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በዚሁ አቆጣጠር ነው።) ሥራው ግን እጅግ ከባድ ነበር። ትኩስ አንጎል ለስላሳ ነው፤ ቢላ ሲነካው ክሩም ያልሆነውም አብሮ ይቆረጣል። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1935፣ በባዝል ይሠራ የነበረው ዮሴፍ ክሊንግለር የተሻለ መላ አቀረበ። አንጎሉን በፎርማሊን ነክሮ ካጠነከረ በኋላ በብርድ ያቀዘቅዘዋል። በክሮቹ መካከል ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ ሲሰፋም ክሮቹን ሳይበጥስ ያላቅቃቸዋል። በረዶው ሲቀልጥ በቀጭን እንጨት እየላጡ ነዶውን ከነአቅጣጫው መከተል ይቻላል። የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ዛሬም በዚህ መንገድ ይማራሉ፤ በእኔ እምነት በእጁ አንድ ጊዜ ኢንተርናል ካፕሱልን ልጦ ያየ ተማሪ መቼም አይረሳውም።

አሁን ወደ ቅርጹ እንግባ። አንጎሉን አግድም ብትቆርጡት በግራም በቀኝም አንድ አንድ ነጭ ማዕዘን ታያላችሁ፤ አፉ ወደ ውጭ የተከፈተ፣ ጫፉ ወደ መካከል ያመለከተ። በማዕዘኑ አፍ ውስጥ፣ ማለትም ከካፕሱሉ ውጭኛ ጎን፣ ሌንቲፎርም የሚባል ግራጫ ክምችት ተቀምጧል። ከውስጠኛው ጎን ደግሞ ከፊት ኮዴት የሚባለው ሌላ ግራጫ ክምችት ራስ፣ ከኋላ ታላመስ አሉ። ነጩ ነዶ በእነዚህ ግራጫ ክምችቶች መካከል ተጨቁኖ ያልፋል። ፊት ለፊት ያለው ክፍል የፊተኛው ዘርፍ፣ ማዕዘኑ የሚታጠፍበት ጉልበት፣ ከዚያ ወደ ኋላ የሚሄደው የኋለኛው ዘርፍ ይባላል። ከሌንቲፎርም በስተኋላና በስተሥር የሚያልፉ ሁለት ተጨማሪ ክፍሎችም አሉት። አንዱ ከታላመስ ወደ ኋላኛው የአንጎል ክፍል የማየት መልእክት ያደርሳል፤ ሌላው በዋናነት የመስማትን መልእክት ይዞ ወደ ጆሮ ግንድ አቅጣጫ ይሄዳል።

የፊተኛው ዘርፍ ለብዙ ሰው እንግዳ ነው፤ ሲጎዳ ሽባነት ስለማያመጣ አይታወስም። በውስጡ ከታላመስ ወደ ግንባር ኮርቴክስና ከዚያ ተመልሰው የሚሄዱ ክሮች፣ እንዲሁም ከግንባር ተነሥተው በአንጎል ግንድ በኩል ለሴሬቤለም (ከኋላ በስተሥር ላለው ትንሹ አንጎል) የሚያቀብሉ ክሮች አሉ። ስሜትን፣ ውሳኔንና ትኩረትን ከሚመሩ ቦታዎች ጋር የሚያገናኝ ስለሆነ፣ በመድኃኒትና በምክር ሕክምና ያልተሻላቸውን የጽኑ አስገዳጅ ሐሳብ ሕመምተኞች ለማከም የሚሞክሩ ሐኪሞች ዓይናቸውን እዚህ ላይ ጥለዋል። በ1999 በቤልጂየም የሉቨን ቡድን በዚህ ዘርፍ ውስጥ ቀጭን ኤሌክትሮድ ተክሎ በኤሌክትሪክ በማነቃቃት አንዳንዶች መሻሻል እንዳገኙ ዘገበ። ዛሬም ሕክምናው የሚሰጠው ሌላ አማራጭ ላጡ ጥቂት ሰዎች ነው።

ጉልበቱ ጠባብ ነው፤ በውስጡ የሚያልፉት ክሮች ፊትን፣ ምላስንና ጉሮሮን ወደሚያዝዙት የአንጎል ግንድ ሕዋሳት የሚወርዱ ናቸው። እዚያ ትንሽ ጉዳት ሲደርስ ንግግር ይጎተታል፣ መዋጥ ሊያስቸግር ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ታካሚው ድንገት ይፈዝዛል፣ ነገር መጀመር ያቅተዋል፤ በአጠገቡ ከታላመስ ወደ ግንባር የሚሄዱት ክሮች አብረው ስለሚበጠሱ።

የኋለኛው ዘርፍ የዛሬው ንግግሬ ልብ ነው። የእጅና የእግር እንቅስቃሴ ትእዛዝ ወደ ህብለ ሰረሰር የሚወርደው በዚህ ነው። አሰላለፉም ሥርዓት አለው፤ የእጅ ክሮች ከፊት፣ የእግር ከኋላ። ከነሱ ጎን ደግሞ ከታላመስ ወደ ላይ የሚወጡት፣ የመዳሰስን፣ የሕመምንና የሙቀትን ስሜት የሚያደርሱት ክሮች አሉ። እዚህ ላይ የቆዩ የትምህርት መጻሕፍት ተሳስተው ነበር። ለረጅም ዘመን የእንቅስቃሴው ነዶ በኋለኛው ዘርፍ ፊተኛ ግማሽ እንደሚያልፍ ይጻፍ ነበር። በ1980 አካባቢ ሙሉ አንጎልን በመላጥ የተሠሩ ጥናቶች ግን ነዶው ከላይ ሲገባ ከፊት እንደሚሆን፣ ወደ ታች ሲወርድ ግን ወደ ኋለኛው ግማሽ እየተሻገረ እንደሚሄድ አሳዩ። ከቅርጹ ልዩነት አልፎ የሕክምና ጉዳይም ነው፤ በሲቲ ስካን ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ያየ ሐኪም እጅና እግር ትጎዳለች ወይስ አትጎዳም ብሎ ሲወስን የቁርጡ ከፍታ ወሳኝ ነው።

የነዶው ክሮች ስንት ናቸው? በአንጎል ግንድ ታችኛ ክፍል ላይ ሲቆጠሩ በአንድ ጎን ወደ 1 ሚሊዮን ይደርሳሉ። በ1874 የኪየቭ ሰው ቭላዲሚር ቤትስ ያገኛቸው ግዙፍ ሕዋሳት የዚህ መንገድ ብቸኛ መነሻ ይመስሉ ነበር። እነሱ ግን ከጠቅላላው ጥቂት በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት ከሌሎች የእንቅስቃሴ ቦታዎች፣ የስሜት ኮርቴክስ ከምንለው ሳይቀር ይመጣሉ። ከካፕሱሉ ወርደው አብዛኞቹ በአንጎል ግንድ ታች ወደ ተቃራኒ ጎን ይሻገራሉ። የሴቲቱ ነጥብ በግራ ካፕሱል ሆና ቀኝ ጎኗን ያሰናከለው ለዚህ ነው።

የካፕሱሉ አደጋ ግን በክሮቹ መታጨቅ ብቻ አይደለም። ደሙ ከሚመጣበት መንገድም ይነሣል። ትልቁ የመካከለኛ የአንጎል ደም ቅዳ ወደ ጎን ሲዘልቅ ከጎኑ በቀጥታ ወደ ላይ የሚወጡ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ይለቃል። ብዙዎቹ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ናቸው። ከትልቅ ቱቦ ወዲያውኑ ስለሚገነጠሉ ግፊቱ ሳይበርድ ይደርስባቸዋል። እርስ በርስ አይጋጠሙም፤ አንዱ ቢዘጋ ጎረቤቱ አያካክስለትም። የደም ግፊት ለዓመታት ሳይታከም ሲቆይ የነዚህ ቅርንጫፎች ግድግዳ ይወፍራል፣ ውስጡ ይጠባል፣ በሌላ ቦታ ደግሞ ይዳከማል። በ1868 በፓሪስ ዣን ማርታን ሻርኮና ሻርል ቡሻር በአንጎል ደም ፈሶ በሞቱ ሰዎች ጥቃቅን ደም ቅዳዎች ላይ ትንንሽ ከረጢት መሰል እብጠቶች እንዳዩ ገለጹ። መቶ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ካናዳዊው ሚለር ፊሸር በቦስተን የሞቱ ሰዎችን አንጎል ደም ቅዳዎች እየተከተለ በተከታታይ ቁርጥ መረመረ። የግድግዳው መበላሸት መንገዱን ሲዘጋ አንዲት ትንሽ የሞተች ጉድጓድ እንደምትፈጠር አሳየ። የሚፈስም የሚዘጋም አንድ ዓይነት ቱቦ ነው ማለት ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ስለሚመስሉ፣ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ሲቲ ስካን መነሣት የግድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ የሚጠቅመው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ሲሰጥ ነው። እየፈሰሰ ላለ አንጎል ግን ሊገድል ይችላል።

ፊሸር በ1965 ከባልደረባው ጋር ንጹሕ የእንቅስቃሴ ስትሮክ የሚሉትን ሁኔታ ዘረዘረ፤ ፊት፣ እጅና እግር በአንድ ጎን ይደክማሉ፣ ስሜት ግን አይጠፋም፣ ማየትም ቋንቋም አይነካም። ለምን? ኮርቴክሱ ደህና ስለሆነ ነው። አሳቢው፣ አቃጁ፣ ተናጋሪው የአንጎል ክፍል በቦታው አለ፤ የተቆረጠው ወደ ታች የሚወርደው መንገድ ብቻ ነው። ሕመምተኛዋ አቅም አጥታ «አልፈልግም» ያለች የሚመስላቸው አስታማሚዎች ያጋጥሙኛል። እባካችሁ ይህን ያዙልኝ፤ ፈቃዷ አልተነካም። እንዲያውም ፈቃድና ትእዛዝ ሙሉ ሆነው የሚፈጽመው ጎን አለመታዘዙ የዚህ ሕመም ከባዱ ጎን ነው። በደም እጥረት ከሚመጡት ስትሮኮች ሩብ ያህሉ እንዲህ ካሉ ትናንሽ ጥልቅ ደም ቅዳዎች መዘጋት የሚመነጩ ናቸው።

አንዳንዴ ካፕሱሉ ያስጠነቅቃል። አንድ ሰው በአንድ ጎኑ ፊቱ፣ እጁና እግሩ ለአምስትና ለአሥር ደቂቃ ይደክማሉ፣ ይመለሳል፤ ከሰዓት በኋላ ይደገማል፣ ማታም ይደገማል። በ1993 አውስትራሊያዊው ጄፍሪ ዶናንና ባልደረቦቹ ይህን በስም ገለጹት። ምልክቱ ስለተመለሰ «ተሻለኝ» ብሎ መተኛት እጅግ አደገኛ ነው፤ አንዱ ቀጭን ቅርንጫፍ ሊዘጋ ጥቂት እንደቀረው ነው። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ያንኑ ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ለካፕሱሉ የኋለኛ ዘርፍ ታችኛ ክፍል ደም የሚያደርሰው የፊተኛው ኮሮይዳል ደም ቅዳ ነው። ቀጭንና ረጅም ነው። በ1952 አሜሪካዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም አርቪንግ ኩፐር አንድ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ሲያክም ይህ ደም ቅዳ ተቀደደበት። ደሙን ለማቆም በክሊፕ ዘጋው፤ የጀመረውንም ቀዶ ጥገና አቋረጠ። ሕመምተኛው ሲነቃ መንቀጥቀጡ ቀንሷል፣ ሽባም አልሆነም። ኩፐር በኋላ ሆን ብሎ በሌሎች ላይ ሞከረው። ውጤቱ ግን ከሰው ሰው ተለያየ፤ አንዳንዱ ተሻለው፣ አንዳንዱ በአንድ ጎኑ ሽባ ሆነ። የደም ቅዳዎች ድንበር በያንዳንዱ ሰው የተለየ ነው። ዘዴው ተተወ። እኔ ይህን ታሪክ ሳስተምር የምደግመው በመጽሐፍ ላይ የተሣለው ካርታ የማንም ሰው ትክክለኛ ካርታ እንዳልሆነ ስለሚያሳይ ነው።

ካፕሱሉ ስለ ሕፃናትም ይነግረናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በላይፕዚግ ፓውል ፍሌክሲግ የሕፃናትን አንጎል ሲመረምር ማይሊን በሁሉም ክሮች ላይ በአንድ ጊዜ እንደማይመጣ አስተዋለ፤ መንገዶቹ በየተራ ይነጣሉ። በዚህ ዘዴ የእንቅስቃሴውን መንገድ ከጎረቤቶቹ ለይቶ ተከተለው። የኋለኛው ዘርፍ ማይሊን ጊዜውን ጠብቆ በሚወለድ ሕፃን ላይ ጀምሮ ይገኛል፤ የፊተኛው ዘርፍ ግን ወራት ይዘገያል። ስለዚህ በወሊድ ጊዜ ኦክስጅን ያጠረው ጨቅላ ኤምአርአይ ሲነሣ ሐኪሞች መጀመሪያ የሚፈልጉት በኋለኛው ዘርፍ ላይ መታየት ያለበትን ብሩህ መስመር ነው። መስመሩ ከጠፋ ሕፃኑ በእንቅስቃሴ ረገድ ከባድ ችግር ሊገጥመው እንደሚችል ያመለክታል። አንዲት ቀጭን መስመር የአንድን ሕፃን መጪ ዓመታት ሳትወስን ታሳያለች።

ሕያው አንጎል ውስጥ ክሮቹን ማየት የተቻለው ፒተር ባሰርና ባልደረቦቹ በ1994 ባቀረቡት ዘዴ ነው። ውሃ በክሮች ርዝመት በቀላሉ ይንቀሳቀሳል፣ በአግድም ይከለከላል፤ ኤምአርአዩ ይህን ልዩነት ለክቶ አቅጣጫን ያሰላል። በተለመደው የቀለም አሰጣጥ ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ሰማያዊ፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ አረንጓዴ ይሆናል። ካፕሱሉ ላይ የፊተኛው ዘርፍ በአረንጓዴ፣ የኋለኛው በሰማያዊ ይታያል። ምስሉ ያምራል፤ ግን ስሌት ነው። ክር ራሱን አያሳይም፣ መልእክቱ ወደ ላይ ይሂድ ወይም ወደ ታች አይለይም።

ከመድረኩ በፊት ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ነበር፤ የተቆረጠ ክር ይበቅላል ወይ? በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ውስጥ አይበቅልም ብል ይሻላል። ማይሊን ራሱ የክር እድገትን የሚያግዱ ሞለኪውሎች ይዟል፤ የዙሪኩ ማርቲን ሽዋብ ይህን ለማሳየት ዕድሜውን ሰጥቷል። ነጥቡ ካረፈበት በታች ያለው የክር ክፍልም በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይመነምናል። በአንጎል ግንድ ላይ ያለው የነዶው ምልክት ሲቀንስ ኤምአርአይ ላይ ይታያል።

ሰው ግን ይሻለዋል፤ ብዙዎች ይሻላቸዋል። ነጥቧ ሁሉንም ክሮች ካልቆረጠች የቀሩት ሥራ ይረከባሉ፣ ከሌሎች የእንቅስቃሴ ቦታዎች የሚመጡትም ያግዛሉ፣ በልምምድም ይጠነክራሉ። ለውጡ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ስለዚህ ፊዚዮቴራፒ በቶሎ መጀመር አለበት፣ ድካሙም ሆነ ተስፋ መቁረጡ ሊያስቆመው አይገባም። ስንት ክር እንደተረፈ ለማወቅ ደግሞ ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። ሕመምተኛው በ72 ሰዓት ውስጥ የደከመ ትከሻውን ወደ ጎን ማንሣትና ጣቶቹን መዘርጋት በጥቂቱም ቢሆን ከቻለ፣ በስድስት ወር የእጁን ቅልጥፍና የተወሰነ ያህል የማግኘት ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ያልቻለውን ሰው ደግሞ በማግኔት ኮርቴክሱን አነቃቅተን እጁ ላይ ምላሽ አለ ወይ ብለን እንፈትሻለን። ምላሽ ካለ ተስፋው ከሚታየው በላይ ነው፤ ባይኖርም እንቅስቃሴውን በሌላ መንገድ ለማካካስ ሕክምናውን እናቅዳለን። የላይኛውን የደም ግፊት ቁጥር በ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ማውረድ የስትሮክን አደጋ ከሩብ በላይ እንደሚቀንስ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ በተሠሩ ጥናቶች ተረጋግጧል። ስለዚህ ቤታችሁ ስትደርሱ፣ ዓመት ያለፈው የግፊት ልኬት ካላችሁ፣ በዚህ ሳምንት ተለኩ።